ቀይ ዓይን ያላቸው ወንዶች

ቬርና ስታትዝማን ኢንዲያና ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የዝንብ ላቦራቶሪ የተቀጠረችው ጠርሙስ ለማጠብ ነበር። የበቆሎ ዱቄት ከሞላሰስ ጋር በትልቅ ድስት እያማሰለች ለፍራፍሬ ዝንቦቹ ቀለብ ታዘጋጃለች። በሁለተኛው ዓመት ዶክተር ሃሎራን ዓይኗ ስል መሆኑን አዩና ማይክሮስኮፕ ፊት አስቀመጧት። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ዝንቦቹን በኤተር አደንዝዞ፣ በቀጭን ብሩሽ ወንዱን ከሴቷ እየለዩ መቁጠር ሆነ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በዓመቱ፣ በረዶ መስኮቱን በሸፈነበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ጠርሙስ አላምር አላት። እናቶቹ ነጭ ዓይን፣ አባቶቹ ቀይ ዓይን ናቸው። ከእንዲህ ዓይነት ጥንዶች ሴቶቹ ልጆች ቀይ ዓይን ከአባታቸው ይወስዳሉ፤ ወንዶቹ የእናታቸውን ነጭ ዓይን ይዘው ይወጣሉ። አሁን ግን ብሩሹ ጫፍ ላይ የተኛው ዝንብ ዓይኑ ቀይ፣ የሆዱ ጫፍ ጥቁር፣ የፊት እግሮቹም ወንድ ዝንብ ብቻ የሚያበቅለው ማበጠሪያ መሳይ ፀጉር ያላቸው ነበሩ። ወንድ ነው። ቀጥሎ ሌላ አገኘች። ከዚያም ሌላ።

«ከሌላ ጠርሙስ አምልጦ የገባ ይሆናል» አላት አጠገቧ የሚሠራው ሎይድ። «ወይ መነጽርሽን ቀይሪ።»

«መነጽር አላደርግም እኮ።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

ቬርና አልሳቀችም። ጠርሙሱን ሁሉ ቆጠረች፤ ከዚያ እንደገና። ወረቀቷን ይዛ ወደ ዶክተሩ ክፍል ሄደችና ቀይ ዓይን ያላቸው ወንዶች እንዳገኘች ነገረቻቸው።

«እንዲህ ያለ ወንድ በሺዎች መሃል አንዱ ብቅ ይላል» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ሃያ ዘጠኝ ናቸው ዶክተር። ነጭ ዓይን ወንዶቹ መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ሴቶቹም ያን ያህል መሆን ነበረባቸው፤ ሰማንያ ሦስት ብቻ ናቸው።»

ዶክተሩ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ሃያ ዘጠኙን ከሰማንያ ሦስቱ ጋር በልባቸው ደመሩ፤ ልክ መቶ አሥራ ሁለት መጣ።

«ሴቶቹ አልሞቱም» አለች ቬርና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ወንድ ሆነው ነው የወጡት።»

ሃያ ዘጠኙን ከድንግል ሴቶች ጋር ለየብቻ አኖረቻቸው። ነቅተው ሴቶቹን ከበቡ፣ አንድ ክንፋቸውን ዘርግተው እያንቀጠቀጡ ጨፈሩ፣ ተገናኙም። እንቁላል ተጣለ፤ አንዱም አልተፈለፈለም። ምን እንደነበሩ የሚያውቁ አይመስሉም ነበር። ቬርና ግን ታውቃለች፤ ቀያዮቹ ዓይኖች ወደ ሌንሱ ሲዞሩ ፊቷን ታነሳለች።

ከውርስ የመጣ ነገር ነው፤ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ሴቷን ወንድ ያደርጋታል አሉ ዶክተሩ። መካኖቹ ወንዶች ባይወልዱም፣ ከአንድ ወገን ብቻ የወረሱት፣ ሲታዩ ደህና የሆኑት ዝንቦች ነገሩን ለልጆቻቸው ያስተላልፋሉ። ዘሩን የመጠበቁ ሥራ ለቬርና ተሰጣት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጠበቀችው። ተቆጥሮ ያበቃ ዝንብ እንዲሞት ዘይት ውስጥ ይደፋል፤ እነዚያን ወንዶች ግን አንድም ቀን አልደፋችም። መስኮቱ ሥር በቀለባቸው ላይ እየጨፈሩ እስኪያልቁ ትተዋቸዋለች። ሎይድ መጀመሪያ ቀለደባት፤ በኋላ እሱም ያን ጠርሙስ መንካት ተወ።

ቬርና ጡረታ የወጣች ዕለት የተካቻት ሴት፣ ዶሪን፣ የዘሩ ወላጆች ባሉበት ጠርሙስ ውስጥ የሚተራመሱትን አየቻቸው። ለዓይን ሁሉም ደህና ዝንቦች ናቸው።

«ያ ነገር ያለባቸው የትኞቹ ናቸው?» አለች።

«አይታወቅም» አለች ቬርና ካፖርቷን እየለበሰች። «ልጆቻቸው ሲወጡ ነው የምታውቂው።»