ፊቱን ቀድሞ የለበሰ ፎቅ

አጎቴ ቡታጅራ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሲያስገነባ ፊቱን ከጀርባው አስቀደመ። ምክንያቱ መስቀል ነው። ለመስቀል ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባ ይወርዳል፤ የሚያልፈው በአስፋልቱ ነው፤ ከአስፋልቱ የሚታየው ደግሞ ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ፊቱ ከላይ እስከ ታች የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ሉህ ለበሰ። ጀርባው ዓምድና ወለል ብቻ ሆኖ ቀረ። በከተማው እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም።

በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለሥራ ሄጄ እሱ ዘንድ አርፌ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና ከአራተኛው ፎቅ አንድ ሉህ ተነቅሎ ወረደ። ከሕንፃው ሥር ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት አለች። ሉሁ የወደቀው ከምድጃዋ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው፤ በእርምጃ ለክቼዋለሁ። ማንም አልተጎዳም።

«ጋሼ፣ ቤትዎ ራሱ መጣልኝ» አለችው። «ሳምቡሳ አምሮት ይሆናል።»

አጎቴ አልሳቀም። «እስከ መስቀል ማዶ ተሻገሪ።»

«ማዶ ደንበኛ የለኝም። ቤትዎ ይሻገር።»

ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕንፃ የምታስተምር አንዲት መሐንዲስ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ለዜና አነጋግሬያታለሁ። ደወልኩላት። ቅዳሜ መጣች። አጎቴ ሰላምታው ሳያልቅ ክርክር ጀመረ።

«እንሴኖ ገጠር የአባቴ ቤት አለ። እንጨትና ሣር ነው። ስንት ነፋስ አልፎበት ቆሟል። ይኼ እኮ ሲሚንቶ ነው።»

«የአባትዎ ቤት ክብ ነዋ፣ ጋሼ። ነፋሱ ዙሪያውን ታክኮ ያልፋል። ማዕዘን ያለው ቤት ላይ ግን ጠርዙ ጋ ሲደርስ ከግድግዳው ይላቀቅና የለበሰውን ወደ ውጭ ይስባል። ነፋስ ሥራው መግፋት ብቻ አይደለም።»

«ታዲያ አፍርሼ ክብ ልሥራው?»

«አያፍርሱ። ጀርባውን ይዝጉ።»

አራተኛው ፎቅ ወጣን። ሉሁ በተነቀለበት ክፍተት ላይ ላስቲክ ዘርግታ አጎቴን በሁለት እጁ አስያዘችው። ነፋሱ በክፍቱ ጀርባ ገባ፤ መውጫ አጣ፤ ላስቲኩም ወደ አስፋልቱ ተነፋ።

«ከውስጥ ይገፋል፤ ከውጭ ይስባል። የሚነቅሉት ተባብረው ነው» አለች።

«ገና ስንት ይወርዳል?»

«እሱን አላውቅም። የት እንደሚወርድ ግን ይታይዎታል።»

አጎቴ ላስቲኩን እንደያዘ ቁልቁል አየ። ሴትየዋ መጥበሻው ላይ ዘይት እየጨመረች ነበር።

«ዘመድ ምን ይለኛል?» አለ።

ሰኞ ግንበኞቹን ወደ ጀርባ አዞረ። ከላይኞቹ ሁለት ፎቆች ሉሁን ሁሉ አስወረደ። ግድግዳው እስኪያልቅ ሴትየዋ ማዶ ሆነች፤ ምድጃዋን ተሸክሞ ያሻገረላት እሱ ነው። በየቀኑም ሳምቡሳ በልቷል፤ ሳምቡሳ አይወድም።

ዘመድ መጣ። መኪናቸውን አቁመው ሽቅብ አዩ፤ ከታች ያብረቀርቃል፣ ከላይ ባዶ ነው።

«ምነው፣ ልብሱን ማን ገፈፈው?» አለ ታላቅ ወንድሙ፣ ማለትም አባቴ።

አጎቴ ሁሉንም ወደ ጀርባው በሚወስደው ጠባብ ቅያስ አስገባ፤ የበዓል ጫማቸውን እንደተጫሙ ጭቃውን አሻገራቸው፤ ገና ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ፊት አቆማቸው።

«ይኸውላችሁ» አለ።

አባቴ ጠጋ ብሎ በጣቱ አጥንት አንኳኳው።

«ጥሩ ግድግዳ ነው» አለ።