አርባ ሦስት ዓመቷ ነው

አንድ ተራ ቀን ከእሷ የሚወስደው ብዙ ነው። ጠዋት ወገቧን፣ እስከ ምሳ ጉልበቷን፣ ማታ ደግሞ እንቅልፏን። የሆቴል ልብስ ተኳሽ ናት። ካውያው ሥራ እንዳይፈታ ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው፤ ነጭ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ እንዲሁ። አውቶቡስ ውስጥ ጎረምሶች «እማማ፣ ይቀመጡ» ብለው ሲነሱላት «አርባ ሦስቴን ሳልጨርስ ማን እማማ አደረገኝ?» ትላለች። ትስቃለችም፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

አንድ ጊዜ የጤና አጥኚዎች ወደ ሰፈሯ መጡ። ድሃ ሰፈር የሚኖር ሰው ለምን ቀድሞ እንደሚያረጅ ማወቅ ፈልገው ነበር። ደምም ዓይነ ምድርም ወሰዱ። ከወራት በኋላ አንዲት ነርስ አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳቻት።

«ሆድሽ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ወዳጆችሽ ናቸው። እነሱም እንደኛው መብላት ይፈልጋሉ። ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን ሲያገኙ ይበረክታሉ። በዳቦና በስኳር ብቻ ከሆነ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣትም ከታከለበት፣ ዓይነታቸው እየሳሳ ይሄዳል። ያኔ ሰውነት ዕድሜውን የሚቀድም ይመስላል። ያንቺም ሳይቀድም አልቀረም።»

«አለቀልኝ በይኛ።»

«ኧረ አላለቀም። ምግብሽን ለወጥ አድርጊ፣ ተቀምጠሽ የምትበዪበት ጊዜም ይኑርሽ። ሊሻሻል ይችላል።»

ባቄላውስ ይገኛል፤ የቸገረው ጊዜው ነበር። በሆቴሉ ተኳሽ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አይገባም፤ በእርጥብ ጫማ ምንጣፍ አይረገጥማ። የሠራተኛን ቃል ወደ ላይ የምታደርሰው የልብስ ቤቱ አለቃቸው ብቻ ናት። አለቃቸው ደግሞ አብሮ አደጓ ናት፤ አንድ ዳቦ ለሁለት ቆርሰው ያደጉ። ስለዚህ የነርሷን ቃል አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችላት፤ ለምሳ ግማሽ ሰዓት እንድትለምንላት።

«ለእኔ ተይው፣ እቱ» አለቻት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወደ ልብስ ቤቱ ወረደ።

«ሰውነትሽ አርጅቷል አሉኝ። ካውያ ላይ ብትወድቂ ለእኛም ጣጣ ነው። በቃሽ፣ እረፊ።»

ስለ ምሳው ትንፍሽ አላለም። ለካ አብሮ አደጓ የነገሩን ግማሽ ብቻ ይዛ ነው የገባችው። ሳምንት ሳይሞላ በእሷ ቦታ የአለቃዋ የወንድም ልጅ ቆመች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሏል ይህ ነው።

ዕቃዋን ልትወስድ የሄደች ዕለት ተገናኙ።

«አዝኜልሽ እኮ ነው» አለች አለቃዋ፣ ዓይኗን ከምታጥፈው አንሶላ ሳታነሳ።

«ስታዝኚልኝ እንዲህ ከሆንሽ፣ ብትጠዪኝ ምን ልታደርጊኝ ነበር?»

አለቃዋ አንሶላውን አጣጥፋ ስታበቃ እንደገና ዘረጋችው።

አሁን እቤቷ የጎረቤት ልብስ ትተኩሳለች። ባቄላዋን ጠዋት ትጥዳለች፤ ምሳ ሲደርስ ደንበኛ በር ላይ ቢቆምም «ቁጭ በል፣ እየበላሁ ነው» ትለዋለች። ሆዷ ይለወጥ አይለወጥ ገና አታውቅም። እርጅናው ቢሆን ትችለው ነበር። እንቅልፍ የሚነሳት ያቺ ያመነቻት አብሮ አደጓ ናት።

ይህን ለምታነቡ ልመና አላት። የምታሠሯት ሴት ካለች ምሳዋን ቁጭ ብላ ትብላ። ጭንቀቷን ከነገረቻችሁም ሙሉውን አድርሱላት፤ ግማሹን ብቻ ከሆነ የምታደርሱት፣ እባካችሁ፣ እናንተው ጋ ይቅር።