ባትሪዋን ቢጫ ያደረግኩ ሰሞን

ይህ የሆነው የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደች ሰሞን ነው። ልጅቷ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች። እኔ ግን እውነቱን ለማንም ሳልናገር ስለኖርኩ እስካሁን ይከነክነኛል።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል እጠግናለሁ። ፈትቶ መግጠም ከልጅነቴ ጀምሮ አመሌ ነው፤ ሳይበላሽም እፈታለሁ።

ባለቤቴ እንደወለደች አማቴ ሊያርሷት ከዶርዜ ወረዱ። እናትና ልጅን ምች እንዳይመታቸው ብለው መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት። በዚያ ላይ መብራት በዚያ ሳምንት ድራሹ ጠፋ። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሕፃኗን የምናያት ከቁልፍ መያዣዬ ጋር ባለችው አውራ ጣት በምታክል ባትሪ ነበር።

የባትሪዋ ብርሃን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ባለቤቴ፣ "ኧረ ይሄ ነገር ዓይኗን ይወጋታል! ፊቷንም የበድን አስመሰለው" አለችኝ። እኔ ምን ገዶኝ! ከተሰበረ የጌጥ መብራት ላይ ቢጫ የምታበራ ትንሽ አምፖል ነቀልኩ። የባትሪዋን አምፖል የያዘውን እርሳስ አቅልጬ የድሮዋን አወጣሁና አዲሷን በየድኩ። ክፍሉ ሞቅ አለ። ባለቤቴ መረቀችኝ፤ እኔም ኮራሁ።

ልጅቷ በተወለደች በአራተኛው ቀን አማቴ ጓዳ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ የሕፃኗ ዓይን ቢጫ ሆነብኝ። መጥባቱንም ትታለች፣ እንቅልፍ ብቻ ነው።"

"እማማ ደግሞ! ብርሃኑ ነው እኮ፤ እኔው ነኝ የቀየርኩት። የራስዎን እጅ ይዩት እስቲ" ብዬ ባትሪዋን አበራሁባቸው። እውነትም እጃቸው ቢጫ መሰለ።

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ብለው ተዉት።

በማግስቱ ወንድማቸው ጋሽ አንጁሎ ለሕፃኗ የሠሩትን ጋቢ ይዘው መጡ። ሸማኔ ናቸው። ልጅቷን በጋቢው ጠቅልለን ባትሪዬን አበራሁላቸው። እሳቸው ግን ባትሪዋን በእጃቸው ገፋ አደረጓት።

"በዚህ ሰው አይታይም። እኛ ክር እንኳ ስንመርጥ በር ላይ ወጥተን ነው። ልጄን በፀሐይ ልያት።"

አማቴ "ምች! ምች!" ብለው ጮኹ። ጋሽ አንጁሎ ማንንም ሳይሰሙ የመስኮቱን ብርድ ልብስ ገፈፉት።

ልጄ በነጩ ጋቢ ውስጥ እንደ በሰለ ሙዝ ቢጫ ሆና ተኝታለች። ብንነካካትም በቅጡ አልነቃችም።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ፣ "የወፍ በሽታ ነው፤ ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ አእምሮዋን ይጎዳው ነበር" አለን። ለቀናት ተኝታ ታከመች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች።

አማቴ ግን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ደረታቸውን እየደቁ፣ "እኔ ነኝ በጨለማ ያኖርኳት! እኔ ነኝ!" ይላሉ። አጠገባቸው ቆሜያለሁ። "እርስዎማ ነግረውኝ ነበር" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እሳቸውም ቀና ብለው አንዴ አዩኝና ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ ዘመዱ ሁሉ ጥፋቱን በእሳቸው ብርድ ልብስ ላይ ጣለው። ባለቤቴም ተቀየመቻቸው። ሁለተኛውን ስትወልድ እንዲያርሷት አልጠራቻቸውም። ያኔም አልተናገርኩም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አማቴ አምና አረፉ። እስከዚህ የጻፍኩትን ለእናንተ ከመላኬ በፊት ለባለቤቴ አነበብኩላት።

"እናቴ አይታ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ። ከሁላችንም ቀድመው አይተው ነበር።"

"እና ስቀየማት አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም?" አለችና አለቀሰች።

ትዳሬ እንዳይደፈርስ ብለው ነው ዝም ያሉት፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። ባለቤቴ ይቅር ትለኝ ይሆናል። ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገባኝ ሴት ግን የሉም። አፍራለሁ።