የሞስኮ መሳፍንት ሳሎናችን ውስጥ

የባለቤቴን ታላቅ ወንድም አልወደውም። ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

በደርግ ጊዜ ታሪክ ሊማር ሞስኮ የተላከ ሰው ነው። እዚህ ስደት አገር፣ አርችዌይ ሰፈር ወዳለው ፍላታችን የመጣው ካውንስሉ፣ ማለትም የሰፈሩ አስተዳደር፣ ቤት እስኪሰጠው ሁለት ሳምንት ሳሎን ሊተኛ ነበር። አንዲት ሻንጣና አንድ ትራስ ይዞ ገባ። ወራት ሲያልፉ ሶፋው የእሱ ሆነ፤ የመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ የእሱ ሆነ፤ ሪሞቱማ ከእጁ ወርዶም አያውቅ። እኔ ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ቆሜ ውዬ ስመጣ በገዛ ቤቴ የምቀመጥበት አጣሁ።

እራት ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ጥንት የሩሲያ ገዢዎች ነው። የሰሜን ሰዎች በጀልባ ወንዝ ለወንዝ ወርደው ኪየቭን እንዴት እንደያዙ ይነግረናል፤ ከዚያ ወደ ሞስኮ ያልፋል። «ሞስኮ ምን ነበረች? ወንዝ ዳር ያለች የእንጨት አጥር!» ይላል፣ ጎመኑን እየጠቀለለ። መሳፍንቷ ለሞንጎሎቹ ግብር እየሰበሰቡ፣ ከሰበሰቡት ለራሳቸው እያስቀሩ፣ አንዱን ጎረቤት በጋብቻ፣ አንዱን በግዢ፣ አንዱን በጉልበት ጠቀለሉት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ይስቃል። ባለቤቴም አብሮ ይስቃል። እኔ ሳህን አነሳለሁ።

ከተረቱ ሁሉ አንዱን ብቻ ወደድኩለት። አንድ የኪየቭ መስፍን ከጫካ ነገድ ግብሩን ሰብስቦ ሲመለስ አነሰኝ አለ። ሠራዊቱን ወደ ቤት ሰዶ፣ ጥቂት ሰው አስከትሎ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደባቸው። ገደሉት። «ደግ አደረጉ!» አልኩ ሳላስበው።

«ቆይ እንጂ፣ ሚስቱን ስሚ» አለኝ። ሚስቱ ከገዳዮቹ ከተማ ከየቤቱ ወፎች በግብር ተቀብላ፣ እግራቸው ላይ እሳት አስራ ለቀቀቻቸው፤ ወፎቹ ወደየጎጇቸው ሲመለሱ ከተማው ነደደ። «ኋላ ክርስትና ተነስታ ቅድስት ተባለች» ብሎ ጣቱን ላሰ። ለተቃጠሉት አንድ ቃል አልነበረውም። ሁልጊዜም ከአሸናፊ ጋር ነው።

ከዚያ ሶፋው ወገቤን አሳመመኝ አለ። ባለቤቴ የልጃችንን ክፍል ሰጠው፤ እኔን አልጠየቀኝም፤ እሷንም አልጠየቃትም። ልጄ ኤ ሌቭል የሚሉት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ደርሶባት ሳሎን ወረደች፤ እሱ ቴሌቪዥን ሲያይ ከጎኑ ጆሮዋን ደፍና ታነባለች።

«ልጅቷ ፈተና አለባት እኮ!» አልኩት ባለቤቴን።

«ታላቄ ናቸው፣ ምን ልበላቸው? ዝም አይነቅዝም» አለኝ።

እኔ ግን ነቀዝኩ። እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክሁ። ጽዋ ማኅበራችን ውስጥ አንቱ የተባሉትን ሦስት ሰዎች መርጬ፣ የልጄን ክፍል እንዲለቅ ለምኑልኝ አልኳቸው። አንድ ነገር ዘነጋሁ፤ ሦስቱም በዕድሜ ያንሱታል። ሲገቡ እሱ አልተነሳም፤ እነሱ ናቸው ጎንበስ ብለው የሳሙት። አስቀመጣቸው፣ እኔ የገዛሁትን ውስኪ ቀዳላቸው፣ ሞስኮን ከአጥሯ ጀምሮ ተረከላቸው። ሲጨርስም ታላቅ ነውና መረቃቸው። አሜን አሉ።

አንደኛው ኮሪደር ላይ ጠራኝ። «እህቴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ለቤትሽ በረከት ናቸው። ቅር ብሏቸዋልና ጉልበታቸውን ሳሚ።»

ሽማግሌ ያልኩት ሁሉ እያየኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጎንበስ ብዬ ሳምኩ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ቀና ስል ልጄ ኩሽና በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

በዚያው ሳምንት ባተርሲ ሰፈር፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ቤተሰብ ዘንድ ሄደች። እዚያ የምታነብበት ጠረጴዛ አለ አለች። ፈተናዋን አለፈች። እዚያው ቀረች።

እሱ በዓመቱ የካውንስል ቤት ደረሰው። መርቆን ወጣ። ክፍሉን በበረኪና አጠብኩት፣ መጋረጃ ቀየርኩ፣ አዲስ አንሶላ አነጠፍኩ፣ ደወልኩላት። ቅዳሜ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ እጇን ይዤ አስገባኋት። ግድግዳውን አየች፣ አልጋውን በመዳፏ ዳሰስ አደረገች።

«ያምራል እማ» አለችኝ። «ለእንግዳ ይሆናችኋል።»