ሞተሩ ያበደ ዕለት

ታናሽ ወንድሜ ለታህሪብ የወጣው ከጋራዣችን ነው። ጠዋቱን አብረን የአንድ ታክሲ ሞተር ስንሠራ ቆየን። ቀትር ላይ ድሬ ዳዋ በሙቀቱ ጭር ስትል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲገባ፣ እጁን በናፍጣ ታጠበና "መጣሁ" ብሎኝ ወጣ። አልመጣም። ሲመሽ ስልኩ ዝግ ነበር። በማግስቱ አንድ የሰፈራችን ልጅ "ጅቡቲ እንሄዳለን ብሎኝ ነበር" ብሎ ለእናቴ ነገራት። ከጅቡቲ ወዲያ ባሕሩ ነው፤ ከባሕሩ ወዲያ የመን፣ ከየመን ወዲያ ሳዑዲ። በእኛ ከተማ ይህን የድብቅ ስደት መንገድ የማያውቅ የለም። ታህሪብ የሚለውን ስሙን እንኳ ከሶማሌ ጎረቤቶቻችን ነው የወሰድነው።

ሰንበት ብሎ፣ ጀልባ ተገለበጠ የሚል ወሬ መጣ። አብሮት የሄደ አንድ ልጅ ፈርቶ ከባሕሩ ዳር ተመልሶ ነበርና ሄደን ጠየቅነው። "እሱ ሲሳፈር አይቻለሁ" አለን። የተገለበጠው እሱ የተሳፈረበት ይሁን ሌላ ግን አያውቅም። የሚያውቅ ሰው አላገኘንም።

እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፤ ነጠላዋንም አላዘቀዘቀችም። ጎረቤት መጥቶ ደጃፉ ላይ ይቆማል፣ "እግዜር ያጽናሽ" ሊል አፉ ላይ ይደርስና "እንዴት ዋላችሁ" ብሎ ይመለሳል። ልቅሶ የማይደረስበት፣ ሳቅም የሌለበት ቤት ሆነ። እኔ ደግሞ ምንም አልሆንኩም። አላለቀስኩም፣ አልታመምኩም፣ ከሥራ አልቀረሁም፤ እንቅልፌንም እተኛ ነበር። ብቻ የምጎርሰው ምግብ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ሰው ሲያወራኝ ቃሉን እሰማለሁ፤ የሚያወራው እኔን መሆኑ የሚገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ጋራዡን የያዝነው ሁለት ሆነን ነው፣ እኔና ሸሪኬ። ወደ ሳቢያን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ የቆመበት ግቢ ነው። የእኔ አያት የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ የእሱ አባት ደግሞ ከሐረር የወረደ ነጋዴ። ሸሪኬ አደርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ይናገራል፤ አንዳንዴ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። እኔ ሞተር እፈታለሁ፣ እሱ ከሥር ያለውን ይይዛል፤ መሪውን፣ ፍሬኑን፣ ባሌስትራውን። ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። መፍቻ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየው እሱ ነው።

ሸሪኬ ማጽናናት አይችልበትም። አጠገቤ ተቀምጦ "አይዞህ" ሲለኝ አንድም ቀን አልሰማሁትም። እሱ ያደረገው ሌላ ነው፤ የተሰበረ ነገር ያሳየኝ ጀመር።

ድሮም የሚገርም ብልሽት ሲያገኝ ሰው ጠርቶ ማሳየት ይወዳል። አሁን ግን ለእኔ ብሎ ይፈልግ ያዘ። መሃሉ ቀልጦ የተበሳ ፒስተን አምጥቶ፣ ቀዳዳውን ዓይኑ ላይ ደግኖ "በዚህ በኩል ሳይህ ወፍረሃል" ይለኛል። አንድ ቀን ደግሞ የሳቢያን ሚኒባስ በሦስት ጎማ ተጎትቶ መጣ። ሹፌሩ ሲያወራ፣ "አንድ ጎማ በጎኔ አልፎኝ ሲሄድ አየሁ። የማን ነው ይሄ ብዬ ሳቅኩ፤ ሳልጨርስ መኪናዬ ዘመመ" አለ። ሸሪኬ እጁን ይዞ እኔ ዘንድ አመጣውና "ንገረው፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረው" አለው። ሰውዬው እንደገና አወራው። ግቢው በሙሉ ሳቀ። እኔ ጎማው የነበረበትን ቦታ ጎንበስ ብዬ አየሁና "ዳዶው ሳይጠብቅ ቀርቶ ቡሎኑን በልቶታል" አልኩ። ሸሪኬ ትንሽ አየኝና ወደ ሥራው ሄደ።

የግመል ቆዳው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊቱን ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ያደረበት ጠዋት፣ በሐርላ በኩል ፍየልና ማሽላ የምታመላልስ ፒካፕ አንድ ጎኗ መሬት ሊነካ ደርሶ እየተንፏቀቀች ገባች። ባለቤቷ ጢማቸውን ሂና የቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ሸሪኬ ሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ሳቁ ተሰማ።

"ና! ወላሂ ና! እንዲህ ያለ ነገር አይተህ አታውቅም!"

በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ የተሰበረው ያኔ አልነበረም፤ ድሮ ነው። ሽማግሌው እርጥብ የግመል ቆዳ ሸንትረው ጠምጥመውበት፣ ቆዳው ሲደርቅ እንደ ብረት ጨምድዶ ይዞታል። በዚያ ላይ ጭነው ሲመላለሱ ከርመዋል። ዝናቡ ሲመጣ ቆዳው ራሰና እንደ ሊጥ ተለጥጦ ለቀቀ። ሽታው አያስጠጋም።

"አባባ፣ ይሄን ማን ሠራልዎት?" አላቸው ሸሪኬ ከሥር ሆኖ።

"እኔው ነኝ" አሉ ሽማግሌው በኦሮምኛ፣ ጎንበስ ብለው እያዩን። "ጥሩ ይዞ ነበር። ያበላሸው ሰማዩ ነው።"

ሸሪኬ ከሳቁ ብዛት እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። በክርኑ ጎኔን እየደቃ "አቦ አንዴ ሳቅ! ለኔ ባትል ለግመሉ ብለህ ሳቅ!" አለኝ። ከንፈሬን ፈገግ አደረግሁለት። መኪናዋ ሥር ጎን ለጎን እንደተኛን ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ።

ሞተሩ ያበደው በዚያው ሰሞን ነው። አፍንጫዋ ወደፊት የወጣ አሮጌ የጭነት መኪና፣ ሽንኩርት አራግፋ፣ በጭስ ታፍና መጣች። ሹፌሩ "ዘይት ትጠጣለች፣ የደንገጎን ቁልቁለት ስወርድ ከኋላዬ ያለው መኪና በጭሱ አላየኝም" አለ። ኮፈኗን ከፈትኩና በጎን በኩል ቆሜ "አስነሣት፣ ልስማት" አልኩት።

ተነሣች። መጀመሪያ ደህና ነበረች። ከዚያ ነዳጅ ሳይሰጣት ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ።

"እግርህን አንሣ!"

"አንሥቻለሁ!"

"አጥፋት እንግዲያ!"

"አጥፍቻለሁ! ይኸው ቁልፉ!" ሹፌሩ ቁልፉን ነቅሎ በመስኮት አውጥቶ አሳየኝ። ሞተሩ ግን ይጮኻል፤ ጩኸቱም ይጨምራል። ግቢውን ሰማያዊ ጭስ ሞላው። ሠራተኞቹ ወደ በሩ ሮጡ። ሹፌሩ አንድ ጫማውን ጥሎ ዘለለ። ሸሪኬ ጆንያ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ የአየር መሳቢያውን ሊደፍንበት ከዛፉ በኩል እየሮጠ መጣ። "ዞር በል! ዞር በል አንተ!" ሲለኝ ሰማሁት።

የሞተር ሰው ነኝ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቅ ነበር። እንዲህ ያበደ ሞተር ካልታፈነ ፒስተኑን የያዘው ብረት፣ ቢዬላው፣ ተሰብሮ ጎኑን በርቅሶ እንደሚወጣ፣ የሚወጣውም እኔ በቆምኩበት በኩል ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። አወቅሁ፤ እግሬ ግን አልተነሣም። ሰው በኋላ ሌላ ነገር ጠርጥሯል። መሞት ፈልጌ አይደለም። መሞትም መሸሽም አልፈለግሁም፤ ቆሜ ነበር፣ ቆምኩ።

ሸሪኬ ሳይደርስ ፈነዳ። ብረቱ ጭኔን ታክኮ፣ ቱታዬን ሸርክቶ፣ ከኋላዬ ያለውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። ደረቴ ላይ ትኩስ ዘይት ተረጨ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ዘይቱ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ብቻ ይሰማል።

ሸሪኬ ኮሌታዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝና በጥፊ መታኝ።

"ስጮህ አልሰማኸኝም?"

"ሰምቼሃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልሮጥክም?"

"እንጃ።"

ጭኔን ዳበሰኝ፣ ደረቴን አየ፤ ቆዳዬ መቅላቱን እንጂ መቆሰሌን አላገኘም። ያን ጊዜ ዘይቱ ላይ ቁጭ አለና ሰው እያየው አለቀሰ። "አንዱን ባሕር ወሰደብኝ፤ አልወሰደውም፤ አላውቅም" አለ። "አንተን እዚህ፣ ዓይኔ እያየ? ለእናትህ ምን እላት ነበር?" አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ጫማውን ፈልጎ አደረገና ውሃ አመጣልን።

በማግስቱ ያንን ሞተር አብረን ፈታነው። ሸሪኬ ሞተር የእሱ ሥራ ባይሆንም ከአጠገቤ አልሄደም። ለሞተሩ አየር የሚነፋውን የቱርቦ ቧንቧ አውልቆ ጣቱን ሲሰድበት እስከ መዳፉ ዘይት ሆኖ ወጣ። የቱርቦው ማሸጊያ ተበልቶ፣ ዘይቱ ከአየሩ ጋር እየገባ ሞተሩ የራሱን ዘይት ሲያነድ ኖሯል። ቁልፍ ብታጠፋበት፣ ነዳጅ ብትዘጋበት አይቆምም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ግቢውን ሁሉ ጠርቶ ያሳይ ነበር። ያን ቀን ማንንም አልጠራም። ቧንቧውን ሰጠኝ፣ አየሁት፣ መለስኩለት።

"የኔ አነዳድ ነው?" አለ ሹፌሩ፤ የመኪናዋን ባለቤት ፈርቶ ፊቱ አመድ መስሏል።

"አይደለም። ማንም ቢይዛት ይሄው ነበር" አልኩት። ዛፉ ሥር ሄዶ ጋደም አለ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸሪኬ ለብቻዬ ሞተር እንዳስነሣ አይፈቅድልኝም ነበር። ቀትር ላይ ጋራዡን ስንዘጋ በግድ ቤቱ ይወስደኛል። ሚስቱ ሩዝ ታቀርባለች፣ ልጆቹ እላዬ ላይ ይወጣሉ፣ እሱ ቬንትሌተሩን ወደ እኔ አዙሮ ይተኛል። ለእናቴ አንድም ነገር አልነገራትም። እሷ የተቀደደውን ቱታ አገላብጣ አየችና "ምን ቀደደው?" አለችኝ። "ብረት" አልኳት። ክር ምላሷ ላይ አርሳ በመርፌው አሾለከችና ሰፋችው።

ሙቀቱ በረድ ባለበት ወር፣ መኪና ሥር ተኝቼ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኬ ጮኸ። እኔ የማላውቀውን ቁጥር አላነሣም፤ ሸሪኬ ግን ሁሉንም ያነሣል። ሲሮጥ እግሩን አየሁት። ተንበርክኮ ስልኩን ከሥር ሰደደልኝ።

"ያዝ። ያዝ፤ እሱ ነው።"

"ሃሎ" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አለ ወንድሜ። "የመን ነኝ። ስልኬን ወስደውብኝ፣ ታስሬ ነበር። አሁን ወጥቻለሁ፤ ጎማ ቤት ነው የምሠራው።"

"በልተሃል?"

"በልቻለሁ። እማዬስ?"

"ደህና ናት።"

መስመሩ ተቋረጠ። ሸሪኬ ግቢው ውስጥ በአራቱም ቋንቋ ይጮኻል፤ የሰው መኪና ውስጥ ገብቶ ክላክስ ይነፋል። እኔ እንደተኛሁ ቆየሁ። አሁን ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ትንሽ ጠብቄ፣ የያዝኩትን ቡሎን አጥብቄ ጨረስኩና ወጣሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ነገርኳት። እልል አላለችም።

"ድምፁ እንዴት ነው?"

"የሱ ድምፅ ነው።"

"ከስቷል?"

"በድምፅ አይታወቅም እኮ እማዬ።"

"ይታወቃል" አለች፤ ምስሯንም ለቅማ ጨረሰች። እልልታውን ያቀለጡት ጎረቤቶች ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው ይመለሱ የነበሩት ያን ቀን ሁሉም ገቡ። ፍየል ታረደ። በላሁ። የሸሪኬ ሚስት "ደስ አለህ አይደል?" ስትለኝ "አዎ" አልኳት።

አሁን ወንድሜ አርብ አርብ ይደውላል። አንድ አርብ፣ እዚህ የአንድ ሰው ሞተር ያንኳኳል፣ ምን እንደሆነ ስማልኝ ብሎ ስልኩን ሞተሩ ላይ ደገነልኝ። ሌላውን ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ሰማሁት።

"ትንሽ ነዳጅ ይስጠው። ተወው። እንደገና።"

ከዚያ ሁሉ ርቀት ይሰማ ነበር፤ ደረቅ፣ አንድ ዓይነት ኳኳታ።

"የቢዬላው ኩሽኔታ ነው። አጥፉት፤ አትንዱት በላቸው።"

"እኔም ያንኑ ብያቸው ነበር፤ አላመኑኝም" አለና ሳቀ።

ሳቁን ሰማሁት። ስልኩን ከጆሮዬ አላነሣሁም። እዚያ ሰዎች በዐረብኛ ይነጋገራሉ፣ ብረት ይወድቃል፣ እሱም አንድ ነገር ይመልስላቸዋል። እናቴ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "በቃ እንግዲህ፣ ለኔ ስጠኝ" አለች። ሰጠኋትና ምሳዬን ልበላ ገባሁ።