የጋሽ ደገፋ እበት ጋዝ

ጎረቤቴ ጋሽ ደገፋ ከሰው ይልቅ ላሞቹን የሚያምን የናዝሬት ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ ቀበሌው «ከብት ሰፈሩን አገማው፤ ከከተማ ይውጣልን» ብሎ ሲያስጠነቅቀው ከእህልም ከእንቅልፍም ተጣላ። ላሞቹ ቡሬና ዳለቲ ከሌሉ እሱ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል?

መላ ዘየደ። ጓሮው በርሜል ቀብሮ እበት በውሃ በጥብጦ ሞላበት፤ በላዩ ሌላ በርሜል ደፍቶ ቱቦ ቀጠለ። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። አንድ ቀን ግን ክብሪት ጭሮ ሰማያዊ እሳት አሳየን! ሚስቱ አበዛሽ ሽሮ ሠራችበት፤ እኔም በላሁ፤ እበት እበት አይልም።

ወሬው አዲስ አበባ ደረሰና ነገሩ ለአገር አዋጭ መሆኑን የሚገመግም ባለሙያ ይመጣል ተባለ። ገና አንድ ድስት ሽሮ ላበሰለ በርሜል የአገር ኢኮኖሚ ሊሰላበት ነው! ለጋሽ ደገፋ ግን ቀልድ አልነበረም። አዋጭ ከተባለ ላሞቹ ይቆያሉ፤ ካልተባለ ይወጣሉ።

በቀጠሮው ቀን ባለሙያው ሙሉብርሃንና የቀበሌው ሊቀመንበር ጆቴ በርሜሉን ከበቡ። ጋሽ ደገፋ ክብሪት ጫረ። ምንም የለም። ደግሞ ጫረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ጨመራችሁበት?» አለ ሙሉብርሃን።

«እንግዳ ይመጣል ተብሎ እበት እየሸተተ ይቀበላችሁ እንዴ?» አለች አበዛሽ ኮራ ብላ። «ጋጣውን በበረኪና አጠብኩት፤ የተረፈውን እዚህ በርሜል ውስጥ ደፋሁት።»

«ያ ረቢ!» ብሎ ጋሽ ደገፋ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

ባለሙያው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ጋዙን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን እንደሆኑ፣ በረኪናውም እንደፈጃቸው ማስረዳት ያዘ። ጆቴ አልሰማውም። አፍንጫውን ወደ ጋጣው ዘርግቶ ያሸታል።

«ጓድ፣ እሳቱን ተወው! ሽታው የት ሄደ?» አለ። «ይሄ በርሜል ሽታ ያጠፋል ማለት ነው። አዋጭ ነው!»

ሙሉብርሃን ሊያርመው አፉን ከፈተ፤ ጋሽ ደገፋ በዓይኑ ሲለምነው መልሶ ዘጋው።

በርሜሉ አዋጭ ተባለ፤ ላሞቹም ሳይወጡ ቀሩ። ከአርሲ ነገሌ፣ ከአቦምሳ ሳይቀር ሽታ አጥፊውን በርሜል ሊጎበኙ ጓዶች ይጎርፉ ጀመር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጋሽ ደገፋ ጋጣውን በበረኪና አጥቦ፣ በርሜሉም እንዳይሸት በገዛ እጁ ይደፋበታል፤ ያን ሰማያዊ እሳት ዳግመኛ አላየውም። እኔን ያሳዝነኛል። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ዳለቲን ሲያልብ ያፏጫል።