«እኔ በአንተ ዕድሜ» የሚለውን የምታስጨርሰው መምህርት

መምህርት አልፊያን የማውቃት በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ስለሆነች ነው። ኮልፌ ተወልዳ እዚሁ ያደገች የጆንያ ነጋዴ ልጅ ናት። የሂጃቧ ጫፍ ጠመኔ አያጣውም። እኔን ስታስተምር ከሁሉ የወደድኩላት ትዕግሥቷን ነው። አንዱን ፊደል እስክለየው ድረስ ዝም ብላ ትጠብቀኛለች እንጂ ከአፌ አትነጥቀኝም ነበር።

አሁን ደግሞ የልጅ ልጄን ኤልያብን ታስተምረዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ጎረምሶችና ኮረዶች ሰብስባ ጽሑፍ ታለማምዳለች። ዘንድሮ የራሳቸውን ወጣትነት ከወላጆቻቸው ወጣትነት ጋር አወዳድረው እንዲጽፉ አዘዘቻቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይዘው መጡ፤ የድሮ ወጣት ታዛዥ ነበር፣ የዛሬው ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል።

ኤልያብ እየሳቀ እንደነገረኝ፣ «ይሄን ስብከት ከማን ሰማችሁት?» አለቻቸው።

«ከቤት!»

«እንግዲያው የጻፋችሁት የቤታችሁን ቁጣ ነው። ‹እኔ በአንተ ዕድሜ› ሲሏችሁ አትሽሹ፤ አስጨርሷቸው። አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፣ ጫማም ይሁን፣ ኳስም ይሁን። በእናንተ ዕድሜ ያ ነገር ምን ይመስል እንደነበር ጠይቁ። ማን ይሻላል የሚለውን ተዉት።»

ሌላም ሕግ አላት፤ ስለ ሰው የተጻፈ ነገር ለዚያው ሰው ተነቦ ሳይፈቅድ ክፍል አይገባም።

ኤልያብ ጫማ መረጠ። አባቱ ልጄ ጌታሁን ጦር ኃይሎች አካባቢ ጫማ ቤት አለው። «እኔ በአንተ ዕድሜ» ሳይል የሚውልበት ቀን የለም። ልጁ እራት ላይ ጠየቀው።

«አባ፣ በእኔ ዕድሜ ምን ጫማ ነበረህ?»

«ብላ እንጂ! እንጀራው ደረቀ» አለው።

ወደ እኔ መጣ፤ ነገርኩት። ያኔ ከጌታሁን ጋር ቆሼ፣ ቆሻሻ መጣያው ላይ፣ እየወጣን የሚሸጥ ብረትና ጠርሙስ እንለቅም ነበር። ጌታሁን ጫማውንም ያገኘው እዚያው ነው፤ የአንዱን እግር ቡናማ አንድ ቀን፣ የሌላውን ጥቁር ሌላ ቀን። ጥቁሩ ስለሚሰፋው ጨርቅ ይጠቀጥቅበት ነበር።

ኤልያብ ጽፎ ለአባቱ አነበበለት። «አባቴ በጫማው ያፍር ነበር» የሚለው ላይ ሲደርስ ጌታሁን እጁን አነሣ።

«በቃ! ቅዳሜ የትም አትሄድም። ገበናዬን ለሰፈር እንድታነብ አይደለም ያሳደግኩህ።»

ሌላ ጊዜ መልስ የማያልቅበት ልጅ፣ ወረቀቱን አጥፎ ወደ መኝታው ሄደ። ቅዳሜን እንደ ዓውደ ዓመት ነው የሚጠብቃት። በማግስቱ ለአልፊያ ደወልኩላትና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ድረስ መጣች። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። ልትለምነው የመጣች መስሎኝ ነበር።

«አቶ ጌታሁን፣ እርስዎ ካልፈቀዱ አይነበብም፤ ሕጌ ነው» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ኤልያብ ‹አባቴ ያፍር ነበር› ያለው እውነት ነው?»

ጌታሁን የያዘውን ካርቶን አስቀመጠ። «እኔ? በዚያ ጫማ እኮ ኳስ ተጫውቻለሁ! የጥቁሩ አፍንጫ ድንጋይ ነበር። በረኛው ገና ሲያየኝ ግቡን ጥሎ ይሸሽ ነበር።»

«ታዲያ ማፈር የጀመሩት መቼ ነው?»

ጌታሁን ደንበኛ የመጣ ይመስል ወደ በሩ አየ። ማንም አልነበረም።

«ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ» አለ ቀስ ብሎ።

አልፊያ አልመከረችውም፣ አልተቆጣችውም። «ይሄን ልጁ ከማንም ሊሰማው አይችልም፤ ከእርስዎ በቀር» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

በዚያው ዕለት እራት ላይ ጌታሁን ስለ በረኛው አወራ። ኤልያብ በሳቅ ፈረሰ።

«ልጻፈው፣ አባ?»

«ጻፈው። የበረኛውን ስም ግን እንዳትጠቅስ፤ አሁን ደንበኛዬ ነው።»

ቅዳሜ ጌታሁን ራሱ ይዞኝ ሄደና ክፍሉ መጨረሻ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ኤልያብ ቆሞ አነበበ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «አባቴ በአሥራ አምስት ዓመቱ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጎ ሮጧል። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ አዲስ ጫማ አድርጌ፣ ብራንድ ስላልሆነ ሰው ያይብኛል ብዬ ሜዳ ዳር ቆሜያለሁ።»

ጌታሁን በጆሮዬ የሚያንሾካሹክ መስሎት፣ «እኔ በእሱ ዕድሜ እንዲህ መጻፍ አልችልም ነበር» አለ። ድምፁ ወፍራም ነውና ሁሉም ሰማው።

«አቶ ጌታሁን» አለች አልፊያ፣ «እዚህ ክፍል ያን ነገር የጀመረ ሰው ሳይጨርስ አይወጣም።»

ተማሪዎቹ አውካኩ። ከፊት የተቀመጠች ዊዳድ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ቡናማውስ? ቡናማው ጫማ ምን ዓይነት ነበር?»

ጌታሁን ወደ እኔ አየ፤ ከዚያም ኮቱን አስተካክሎ ተነሣ።

«ቡናማውማ ውኃ ያስገባ ነበር» ብሎ ጀመረ። ኤልያብም እስክሪብቶውን አነሣ።